ሚዛኑን የያዘው ማን ነው?



ረመዷን ሊገባደድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በየመድረሳው አንድ ጥያቄ አይጠፋም፤ «ኡስታዝ፣ ዘካተል ፊጥር ስንት ኪሎ ነው?» አንዱ ሁለት ተኩል ይላል፣ ሌላው ሦስት። ጠያቂውም «ዑለማዎቹ አልተስማሙም» ብሎ ይሄዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙት ግን በሷዕ ነው። ሷዕ ደግሞ የክብደት ሳይሆን የስፍር መለኪያ ሲሆን አራት ሙድ ይይዛል፤ ሙድ ማለትም መካከለኛ ሰው በሁለት እጆቹ የሚዘግነው ያህል ነው። አንድ ሷዕ ስንዴና አንድ ሷዕ ተምር ሲመዘኑ እኩል አይመጡም።

ሷዑ ራሱም በአንድ ወቅት አከራክሯል። የኩፋ ሰዎች 8 ረጥል ነው ሲሉ የመዲና ሰዎች 5 ከሲሶ ነው ይሉ ነበር። ይህ ልዩነት የድሃ ድርሻ ነውና ቀላል አልነበረም። በይሀቂ እንደዘገቡት፣ የኢማም አቡ ሐኒፋ ታላቅ ተማሪ የነበሩት ቃዲ አቡ ዩሱፍ (በ182 ሂጅሪያ ያረፉት) መዲና ሄደው ማስረጃ ጠየቁ። በማግስቱ ወደ ሃምሳ የሚሆኑ የሙሃጂሮችና የአንሷሮች ልጆች፣ ሁሉም ሽማግሌዎች፣ እያንዳንዳቸው ከኩታቸው ሥር ሷዕ ይዘው መጡ። እያንዳንዱ «ከአባቴ፣ ከቤተሰቤ የወረስኩት ነው» አለ። አቡ ዩሱፍ ለኩዋቸው፤ እኩል ሆኑ። የመምህራቸውን አስተያየት ትተው የመዲናን ያዙ። እስቲ አስተውሉ፤ ይህ መለኪያ በየሰዉ ማጀት የተቀመጠ እንጂ በግምጃ ቤት የተቆለፈ አልነበረም።

በግምጃ ቤት ሲሆን ምን እንደሚከተል ደግሞ ከኹራሳን እንስማ። አል-ኢስፊዛሪ የሚባሉ ሊቅ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ወርቅ የሚያጋልጥ ሚዛን ሠርተው ነበር። የሱልጣን ሰንጀር ግምጃ ቤት ጠባቂ ማጭበርበሩ እንዳይታወቅበት ፈርቶ ሰባበረው፤ ሊቁም በሐዘን ሞቱ ይባላል። ሥራውን አል-ኻዚኒ በመርው ከተማ አሟልተው በ515 ሂጅሪያ (እ.ኤ.አ. በ1121) «ሚዛኑል ሒክማ» በተባለው መጽሐፋቸው ጻፉት። አምስት ሳህን ያለው ሚዛን ነበር፤ ወርቁን ሳያቀልጥ፣ በውሃ ውስጥ በመመዘን ብቻ ንጹሑን ከተደባለቀው ይለያል። እኚህ ሰው የተላከላቸውን ሺህ ዲናር መልሰዋል፤ በዓመት በሦስት ዲናር ይኖሩ ነበር ተብሎም ተጽፎላቸዋል። ለመዛኝ ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንሻገር። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝና በስኮትላንድ የፈትል ፋብሪካዎች የሚሸጠው የሠራተኛው ሰዓት ነበር፤ የግድግዳው ሰዓት ግን የአሠሪው ነው። ጠዋት ወደ ፊት፣ ማታ ወደ ኋላ ይዞሩት እንደነበር ሠራተኞቹ መስክረዋል። የራሱን ሰዓት ይዞ የገባም ይቀጣ ነበር። ሱረቱል ሙጦፊፊንን ያነበበ ሰው ይህን ለማወቅ ተርጓሚ አያሻውም፤ ሲቀበሉ የሚያስሞሉ፣ ሲሰጡ የሚያጎድሉ ናቸው።

የአሜሪካው ፍሬድሪክ ቴይለር ጉዳይ ግን ከዚህ ይከብዳል። እሱ ሰዓት አላጭበረበረም። ከ1880ዎቹ ጀምሮ በፊላደልፊያ ብረት ፋብሪካ የሠራተኛውን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሩጫ ሰዓት ይለካ ነበር፤ ልኬቱም ትክክል ሊሆን ይችላል። በቀድሞው ገበያ ሙሕተሲቡ የሚመረምረው የነጋዴውን ሚዛን ነበር፤ እዚህ ግን ሚዛኑ ላይ የወጣው ሰውዬው ራሱ ነው። ምን ያህል ቢደክም «በቂ» እንደሚባል የሚወስነው ደግሞ ሰዓቱን የጨበጠው ነው። ይህን የሚወስን ሰዓት አልተሠራም።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1911 በማሳቹሴትስ፣ ዎተርታውን በሚገኘው የመንግሥት ጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ ብረት በቅርጽ የሚያፈስ አንድ ሠራተኛ «በሰዓት አልለካም» ብሎ ተባረረ። ባልደረቦቹም ሥራ ጥለው ወጡ። ኮንግረሱ ነገሩን መረመረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ለመሣሪያ ፋብሪካዎቹ የሚመደብ ገንዘብ ሠራተኛን በሩጫ ሰዓት ለመለካት እንዳይውል በሕግ ከለከለ። ክልከላው እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ጸና።