ዋግን የሚቋቋም ስንዴ በዘረ መል ምልክት ሲመረጥ

ዋግ የስንዴን አገዳና ቅጠል የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ ነው። ብናኙ በነፋስ ስለሚጓዝ ባሕር አያግደውም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ የተገኘውና «ዩጂ99» የተባለው የግንድ ዋግ በ2003 በኢትዮጵያ፣ በ2006 ደግሞ በየመን መታየቱ ይህንኑ ያሳያል። ብዙ አገሮች የተመኩበትን ኤስአር31 የተባለ የመቋቋሚያ ዘረ መል ማሸነፉ አስደንጋጭ ነበር። በኢትዮጵያ ዩጂ99ን ተቋቁሞ በስፋት የተዘራው «ዲገሉ» የተባለው ዝርያም በ2013 እና በ2014 ሌላ የዋግ ዓይነት ሲነሣ በባሌና በአርሲ ክፉኛ ተመታ።

ስለዚህ አዳቃዮች ሁለት ሦስት ዘረ መሎችን በአንድ ዝርያ ማጣመር ይሻሉ። ችግሩ አንድ የያዘውና ሦስት የያዘው ተክል በማሳ ላይ ሲታዩ አለመለያየታቸው ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው የዘረ መል ምልክት ነው፤ ይኸውም ከተፈለገው ዘረ መል አጠገብ የሚገኝና አብሮት የሚወረስ የዲኤንኤ ክፍል ነው። ከችግኙ ጥቂት ቅጠል ተወስዶ በቤተ ሙከራ ሲመረመር ተክሉ ዘረ መሉን መያዙ በሽታው ሳይነካው ይታወቃል። ጥቅሙ በተለይ እንደ ኤስአር2 ባለ፣ ኃይሉ ተክሉ ካደገ በኋላ በሚገለጥ ዘረ መል ላይ የጎላ ነው።

ምልክቱ ከዘረ መሉ የራቀ ከሆነ ግን በማዳቀል ጊዜ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የቤተ ሙከራው ውጤት ያሳስታል። በመሆኑም የተመረጡት ዝርያዎች በአርሲ ቁሉምሳና በኬንያ ንጆሮ ባሉ የምርምር ማሳዎች ለዋግ ተጋልጠው ይፈተናሉ።