ድንኳን ይተከል ወይ?

አዲስ አበባ ውስጥ «ካቶሊክ ነኝ» ያልኩት ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «የት ተማርክ?» ይለኛል። ቅዱስ ዮሴፍ ነው? ካቴድራል ነው? ዶን ቦስኮ ነው? ትምህርት ቤቶቻችንን የማያውቅ የለም፤ እኛን ግን የሚያውቀን ጥቂት ነው። አይፈረድም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ 0.7 ነበርን፤ አንድ እንኳ አልሞላንም። ሰው እንዲህ ሲያንስ ሁሉም ዘመድ ይሆናል። የማን ልጅ መቼ ቆረበ፣ የማን ልጅ ዘርዓ ክህነት ገብቶ ከመንገድ ተመለሰ፣ ሁሉም በሁሉም ቤት ይታወቃል። አንድ ሰው የጎደለ ዕለትም ቀዳዳው ከሩቅ ይታያል። የዛሬው ወሬዬ ስለዚህ ነውና ጆሮ ስጡኝ።

ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። የተገናኘነው መዘምራን ውስጥ ነው። አንዱ ከዓሊተና የመጣ ኢሮብ፣ አንዱ የሶዶ ልጅ፣ ሦስተኛው እኔ የሸገሩ። ሶዶዬው ያደገው በላቲን ሥርዓት ነው። ቅዳሴ ማለት ለእሱ አንድ ሰዓት፣ በመሐል ሞቅ ያለ የወላይትኛ መዝሙር፣ ከዚያ ወደ ቤት ነበር። የመጀመሪያው እሑድ እኛ ዘንድ በግእዙ ሥርዓት ሲቀደስ ቆሞ ቆሞ ሲደክመው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ሕዝብ ቤት የለውም እንዴ?» አለኝ። በዓመቱ ግን ከበሮውን ከእሱ እጅ የሚቀበል ጠፋ። ግራኝ ነበርና ከበሮውን ገልብጦ ነው የሚያነግተው፤ ሰፊው አፍ ወደ ግራ፣ ጠባቡ ወደ ቀኝ። ጠፍሩንም በአጭሩ አስሮ ደረቱ ላይ ያስጠጋዋል። ሌላ ሰው ሲያነሣው ጠፍሩን እንደገና ፈትቶ ማሰር ነበረበት፤ እሱ ደግሞ ይቆጣል።

ኢሮቡ ጓደኛችን በበኩሉ ተራኪ ነው። ካቶሊክነቱ ከቅድመ አያቶቹ የወረደ ስለሆነ አቡነ ያዕቆብን እንደ ሰፈሩ ሽማግሌ ነው የሚያወራቸው። አቡነ ያዕቆብ ማለት እንደ ፈረንጆቹ በ1839 ዓድዋ የገቡት ጣሊያናዊው ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ናቸው። ከልምምድ በኋላ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ እሱ ይጀምራል። «ደጃች ውቤ ጳጳስ እንዲመጣላቸው ወደ ግብፅ መልእክተኛ ሲልኩ እኒህን ፈረንጅ አብረው ላኳቸው። ከመልእክተኞቹ መሐል ደግሞ አንድ ዓይና የጎጃም መነኩሴ ነበሩ፤ አባ ገብረ ሚካኤል። መጽሐፍ ያነበቡ፣ መከራከር የሚወዱ፣ በቀላሉ እሺ የማይሉ ሰው…» ይልና ጉዞውን እስከ ሮም ድረስ ይወስደናል። ከዚያ ጉዞ ወዳጅነት ተረፈ። አባ ገብረ ሚካኤል በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1855 በሰንሰለት ታስረው ሞቱ። የታሰሩትም ያ የሄዱበት መንገድ ባመጣቸው ጳጳስ በአቡነ ሰላማ ዘመን ነው። አቡነ ያዕቆብ አምስት ዓመት ቆይተው በ1860 ተከተሏቸው፤ መቃብራቸው ኤርትራ፣ ሄቦ ላይ ነው።

ጓደኛችን የሚወደው ግን መጨረሻውን ነው። «መነኩሴው በፈረንጆቹ 1926 ብፁዕ ተባሉ፤ መምህራቸው እስከ 1939 ጠበቁ!» ብሎ ጠረጴዛውን ይመታል። «ደቀ መዝሙር መምህሩን ሲቀድም አይታችኋል?» ሶዶዬው ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረው፤ «ግብፅ ድረስ አብሮ የሄደ ሰው ማን ቀደመ ማን ቀደመ አይባባልም።»

ደስታም ነበረን። የካቲት 7 ቀን 2007 ዓ.ም. አቡነ ብርሃነየሱስ ሮም ላይ የካርዲናልነት ቆብ ደፉ። በደርግ ዘመን ታስረው የነበሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው በፊት ካርዲናል ያየነው በ1977 ነበር፤ አቡነ ጳውሎስ ጻድዋን። (ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት እኒሁ አቡነ ጳውሎስ መሆናቸውን ለኦርቶዶክስ ጓደኞቼ ስነግር የሚያምነኝ አላገኘሁም።) ዕለቱ ቅዳሜ፣ ያውም የዐቢይ ጾም ቅበላ ነውና ክትፎው አልጎደለም። ሶዶዬው ዳጣ በማሰሮ፣ ኢሮቡ ነጭ ማር ይዘው መጡ። ቴሌቪዥኑ ፊት እናቶቻችን እልል ሲሉ የሰፈሩ ልጆች ሰርግ መስሏቸው በር ላይ ተሰበሰቡ፤ ማንም አልከለከላቸውም፤ በሉ።

ጉድለቱ ያኔም ቢሆን ጀምሯል። መዘምራኑ አንድ በአንድ ሳሳ። ድምፀ መልካም የነበሩት ሴት ልጆች ኦርቶዶክስ እያገቡ በባሎቻቸው ቤተ ክርስቲያን ተክሊል ደፉ። ካህኖቻችን ቅር ይላቸዋል፤ እኔ ግን ሚዜ ሆኜ ጨፍሬያለሁ። አገሩ በሙሉ አንድ ወገን፣ እኛ ከመቶ አንድ ሳንሞላ፣ ልጅቷ የት ሄዳ ታግባ? ሌሎቹ አሜሪካ ገቡ፤ ዋሽንግተን ኪዳነ ምሕረት ካቶሊክ በግእዙ ሥርዓት ሲቀደስ የቆሙትን ፎቶ ይልኩልናል። ከአሥመራ ወገን የነበሩት ደግሞ በ1990ው ጦርነት ዘመን ነው የተበተኑት፤ ስለዚያ ማውራት አሁንም አይቀለኝም። ኢሮቡ ጓደኛችንም ወደ አዲግራት ተመልሶ መምህር ሆነ።

ከዚያ የትግራይ ጦርነት መጣ። ስልክ ተቋረጠ። ሶዶዬው የታመመው በዚያው ጊዜ ነበር። መጀመሪያ «ጨጓራ ነው» አለ፤ በኋላ ከበሮውን ማንሣት አቃተው፤ በኋላ ደረጃውን። ያረፈ ዕለት የእድራችን ዳኛ በማለዳ ጥሩምባ አስነፋ። ዳኛው ኦርቶዶክስ ነው፣ ጸሐፊው ሙስሊም፤ ካቶሊክ የምንባለው ሦስት አባወራ ብቻ ነን። ድንኳኑ ከረፋዱ በፊት ቆመ፤ ሴቶቹ ንፍሮውን ጣዱ። ከሶዶ ዘመዶቹ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘው ደረሱና «አገሩ ይቀበር» የሚል ክርክር ተነሣ። ዳኛው ጋቢውን አስተካክሎ፣ «ወንድሞቼ፣ እናንተም እኛም አንድ ሰው ነው የሞተብን፤ ግን የከበሮው ጓደኞቹ እዚህ ናቸው» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ተስማሙ። ፍትሐቱ ካቴድራሉ ውስጥ ሆነ፤ ቀብሩ ጉለሌ፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ። አስከሬኑን ከተሸከሙት መሐል ከኛ ሃይማኖት ያልሆኑት ይበዙ ነበር።

ኢሮቡ ይህን ሁሉ አልሰማም። ወራት አለፉ። ስልኩ ሲመለስ ደውሎ ከጠየቀኝ ጥያቄዎች ሁለተኛው፣ «ያ ግራኝስ?» የሚል ነበር። «ደህና ነው» አልኩት። ምን ልበል? መርዶ በስልክ አይነገርም። በመካከላችን ግን ተራራና ፍርስራሽ አለ፤ ሽማግሌ ይዤ በንጋት በሩን የማንኳኳበት መንገድ አልነበረኝም። ለቆሞሳችን ነገርኳቸው። ቆሞሳችን አዲግራት ላሉ አንድ ካህን ደወሉ። እኒያ አባት፣ ስንቱን ቀብረው በወጡበት ሰሞን፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ጎህ ሲቀድ የማያውቁትን የወላይታ ሰው መርዶ ሊነግሩ ሄዱ። ጓደኛዬ በኋላ ሲያጫውተኝ፣ «በሩ ሲንኳኳ የእናቴ መስሎኝ ነበር» አለኝ። እናቱ ደህና ነበሩ። ለቅሶ ተቀመጠ፤ ጎረቤቶቹም የራሳቸውን ሐዘን ይዘው አብረውት ተቀመጡ።

አንዷን ልጨምርና ላብቃ። በ2017 ፋሲካ የእኛም የሮምም ዕለት ገጠመ። በማግሥቱ፣ በማዕዶት፣ ሚያዝያ 13፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ማረፋቸው ተሰማ። ዶሮውን እያሞቅን ሳለ ስልኬ ጮኸ። የእድሩ ዳኛ ነው።

«አባታችሁ አረፉ አሉ፤ እግዜር ያጥናችሁ።»

«አሜን፣ አመሰግናለሁ ጋሼ።»

«ድንኳን ይተከል ወይ?»

የሚቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ድምፁ ግን የቁም ነገር ነው። «ኧረ ጋሼ፣ ቀብሩ ሮም ነው» አልኩት።

«እሱማ ሮም ነው። ለቅሶው ግን እናንተ ዘንድ ነው አይደል? ደንቡ ላይ ለአባት የሚወጣ አለ። መንፈሳዊ አባት ይገባል አይገባም የሚለውን ለኮሚቴው አቀርባለሁ።»

ድንኳኑ ቀረ። ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ግን ዳኛውም ባለቤቱም መጥተው ቀብሩን በቴሌቪዥን አብረን አየን። ሣጥኑ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ወደሆነችው ወደ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሲገባ ባለቤቱ፣ «እዚያ ይቅበሩኝ ብለው ነው?» አለች። «አዎ፣ በኑዛዜ» አልኳት። ወደ ባሏ ዞረችና፣ «ደንቡን አንብበው እንጂ፤ ይገባል» አለችው።