«ሲስተም የለም»

ቢሮ ሄዳችሁ፣ ወረፋ ይዛችሁ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ የማታውቁ ካላችሁ እድለኞች ናችሁ። እኔ ካዛንቺስም ቂርቆስም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ምን ሲነካ እንደቆመ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆመ የሚጽፍ ሰው ግን አላየሁም። ቅሬታው ወረፋው ላይ ተወልዶ እዚያው ይሞታል።

ስህተትን መዝግቦ ማሳወቅ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 የሃርቫርዱ ማርክ 2 ኮምፒውተር ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ተገኘች። ሠራተኞቹ መዝገባቸው ላይ ለጠፏትና ሰዓቱን (በኛ 9፡45 ከሰዓት) እና የተገኘችበትን ሪሌይ ቁጥር 70 ጻፉ። «ባግ» የሚለው ቃል ከዚያ በፊትም ነበር። እኔን የሚገርመኝ ሪፖርቱ ነው፦ መቼ፣ የት፣ ማስረጃው ይኸው።

በ1980 አካባቢ ደግሞ ኤምአይቲ የሚሠራው ሪቻርድ ስቶልማን ወረቀት እየያዘ የሚያስቸግር ፕሪንተር ገጠመው። ማስተካከል ይችል ነበር፤ ኮዱን የያዙት ግን አልሰጡትም። በ1983 የጂኤንዩን ፕሮጀክት ያስጀመረው አንዱ ንዴት ይሄ ነበር። በ1998 ሞዚላ «ባግዚላ» የተባለ የስህተት መዝገብ ለሁሉም ከፈተ። በዓመቱ ሳይመን ታታም የተባለ እንግሊዛዊ ፕሮግራመር ለተራ ተጠቃሚ ምክር ጻፈ፤ ፍሬ ነገሩ «አይሠራም» ከማለት ያደረጋችሁትንና ያያችሁትን በዝርዝር ተናገሩ የሚል ነው።

ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ኢትዮጵያ በ1997 ኢንተርኔት ሳይገባላት በፊት፣ እዚሁ ካዛንቺስ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በፓዲስ ፕሮግራሙ በስልክ መስመር ኢሜይል ያመላልስ ነበር። ፊደላችን ግን ገና የጋራ ኮድ አልነበረውም። በአንዱ ፎንት የተጻፈ ማመልከቻ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ቁርጥራጭ ሆኖ ይመጣል። ዳንኤል ያዕቆብን የመሳሰሉ ባለሙያዎች ከደከሙበት በኋላ፣ በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደልን በ345 ምልክቶች ተቀበለ። በዚያም አላለቀም፤ ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሌንና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት የተጨመሩት በ2005 ነው። ፊደል መጉደሉን ቀድሞ የሚያውቀው በቋንቋው የሚጽፈው ሰው ነው፤ ኮድ ባይችልም።

ዛሬም እንደዚያው ነው። አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ፎርም ጳጉሜ 3 የተወለደ ልጅን አይመዘግብም። «ሰላም» ብላችሁ ስትፈልጉ «ሠላም» ተብሎ የተጻፈው ሊጠፋባችሁ ይችላል። በሌላ በኩል በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራውና የጤና ሪፖርታችን የሚሰበሰብበት ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር አለው። ጳጉሜን ኦስሎ ቁጭ ብሎ የሚያስታውስ የለም፤ አንድ ሰው መናገር አለበት።

እናም ኮምፒውተር ትንሽ የምናውቅ ልጆች ሥራ አለን። ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው እህታችን ወይ የጎረቤት እማማ «አበደብኝ» ሲሉን፣ ስልኩን ነጥቀን ከማስተካከላችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ምን እያደረጉ ነበር? ምን ጠብቀው ነበር? ምን መጣ? ስክሪንሾት እናንሳ፣ ስምና ስልክ ቁጥር እንሸፍን፣ የሶፍትዌሩን ቨርዥን እንጻፍ፣ ሌላ ሰው አስቀድሞ መዝግቦት እንደሆነ እንይ፣ ከዚያ እንላክ። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ቢሆን ግድ የለም። የእማማን ስልክ ብቻ ካስተካከልን አንድ ስልክ ዳነ። ከጻፍነው ግን፣ ያው ችግር ጎንደርም ሆነ ዋሽንግተን ያለን ሰው ሳያጋጥመው ሊቀር ይችላል።