ለሰብለ ማልቀስ፦ ተደራሲ በሚወደው ገጸ ባሕርይ ልብ ውስጥ

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ካበቁ ወዲህ የልቦለዱ ፍቅረኞች በዛብህና ሰብለ ወንጌል ከመጽሐፉ ውጭም ኖረዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኳቸዋል። ቴዎድሮስ ካሣሁን በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበሙ ውስጥ «ማር እስከ ጧፍ» ብሎ ዘፍኖላቸዋል። በቅርቡ ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆነው ቀርበዋል። ስማቸውን ለልጁ ያወጣውን፣ በስልኩ ምዕራፍ እያነበበና እየቀዳ ለወዳጆቹ የሚልከውን ወጣት ማን ይቆጥረዋል! እዚህ የማነሣው ጥያቄ ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው በገጸ ባሕርያቱ ስሜት ላይ ምን እየሠራ ነው የሚል ነው። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ የእኛ ተደራሲ ታሪኩን አያርመውም፣ ልቅሶውን ያሰፋዋል።

በሌላው ዓለም የተለመደው ሌላ ነው። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ «የወጣቱ ቬርተር ሐዘን»ን በ1774 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ቬርተር በፍቅር ተስፋ ቆርጦ ራሱን ይገድላል። ዓመት ሳይሞላ ኒኮላይ የተባለ የበርሊን አሳታሚ ሽጉጡን የዶሮ ደም አጉርሶ ልጁን አዳነው፤ ከሚወዳት ከሎተም ጋር አጋባው። ኒኮላይ ይህን የጻፈው በጎተ ለመቀለድ ነው፤ ይሁን እንጂ መንገዱ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው የሄደበት ነው። ሄንሪ ጄንኪንስ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ እንዲህ ያለውን ተደራሲ በሰው ርስት ገብቶ ከሚያድን አዳኝ ጋር ያመሳስለዋል፤ ፍቅርና ብስጭት አብረው ይገፉታል ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ለእኛ ግን ልኩ አይደለም። እስከማውቀው ድረስ በዛብህን ከሞት አስነሥቶ ከሰብለ ጋር ጎጆ ያስወጣ ደራሲ የለንም፤ ቢኖርም አድማጩ የሚቀበለው አይመስለኝም።

ምክንያቱን ከልቦለዱ በፊት በነበረው ልማድ ውስጥ መፈለግ ይሻላል። ማቴዎስ በወንጌሉ ምዕራፍ 2 ላይ የቅድስት ድንግል ማርያምን ስደት በጥቂት ቁጥሮች ያልፈዋል፤ መልአኩ ለዮሴፍ በሕልም ታየው፣ በሌሊት ተነሣ፣ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ ሄደ። ስለ እናቲቱ ስሜት አንድ ቃል የለም። «ሰቆቃወ ድንግል» የተባለው የግእዝ ድርሰት የሚጀምረው እዚህ ዝምታ ላይ ነው። ጥሙን፣ የበረሃውን ንዳድ፣ የልጁን ለቅሶ፣ የሄሮድስን ፍርሃት አንድ በአንድ ያወጣዋል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኃ ጽጌ፣ ከ«ማኅሌተ ጽጌ» ጋር፣ ሊቃውንቱ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያዜሙታል። ደራሲው ከወንጌሉ ታሪክ አልወጣም፤ ስደቱን አላስቀረም፣ መንገዱንም አላሳጠረም። ወንጌላዊው ያለፈውን የእናት ልብ ብቻ ከፈተ። ምእመን በሚወደው አካል ስሜት ውስጥ በፈጠራ የሚገባበት ከዚህ የጠራ ምሳሌ ለማግኘት ይቸግራል።

ደብረ ሲና ላይ ቆሞ ለሚያስብ ሰው ግን ነገሩ በቤተ ክርስቲያን ዜማ ብቻ አያበቃም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በጣርማበር ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ብርዱ እዚያው ይቀራል፤ አውቶቡሱ ደብረ ሲና ሲቆም ተሳፋሪው ቆሎውን ገዝቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይቀጥላል። ከላይ ማኅሌቱ፣ ከታች ነቢዩ ሙሐመድ የሚወደሱበት መንዙማ ነው። በይፋት ጥንታዊው የጎዜ መስጊድ አለ፤ የመውሊድ ድቤም እዚህ ባዳ አይደለም። መንዙማ ግን ከሰቆቃው የሚለይበት ነገር አለው። አዚያሚው በነቢዩ ልብ ውስጥ ገብቶ በእሳቸው አንደበት አይናገርም፤ እንዲህ ማድረግ ድፍረት ነው። የራሱን ናፍቆት ይዞ ደጃቸው ይቆማል፣ ያላየውን መዲና ይናፍቃል። አንዱ የሚወደውን ሰው ስሜት ይናገርለታል፣ ሌላው ለሚወደው ሰው ያለውን ስሜት ይናገራል። በሁለቱም ውስጥ የታሪኩ ፍጻሜ የተጠበቀ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ለቅሶ ቤት ነው፤ ሁለቱን መንገዶች እያቀያየረ የሚሄድም እሱ ነው። በሸዋ ገጠር ሙያዋን የምታውቅ አልቃሽ ሟቹን ባታውቀው እንኳ ሙሾ ከማውረዷ በፊት ትጠይቃለች፦ የበሬው ስም ማን ነበር፣ ከማን ጋር ይውል ነበር፣ ልጁን ድሮ ነበር ወይስ ሳይድር ነው የሄደው? ከዚያ በራሷ አንደበት ትጀምርና ሳይታሰብ በባልቴቲቱ፣ ቀጥሎም በሟቹ አንደበት ትናገራለች። ለቀስተኛው «እሱ እንዲህ አላለም» ብሎ አይከራከራትም። ግጥሙ የሚለካው ያ ሰው ቢናገር ኖሮ የሚለውን በማለቱ ነው። ሟቹ አይነሣም፤ ሳይናገር የቀረው ይነገርለታል እንጂ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ለዚህ ዓይነቱ ተደራሲ የተመቸ መጽሐፍ ነው። ሐዲስ ራሳቸው በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ያለፉ ናቸው፤ በዛብህንም ድምፀ መልካም የዜማ ሰው አድርገው ፈጥረውታል። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለው ሰጥተውታል፤ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለን ሲወድ ክርክሩ ከክብር ጋር ብቻ ሳይሆን እሱ ሳይጠየቅ ከተገባ ስለት ጋርም ነው። ሰብለ ተደብቃ ስትጠፋ፣ ቁስለኛውን በዛብህን በመንገድ ስታገኘው፣ እጇ ላይ ሲሞት መጽሐፉ ይተርክልናል። ከዚያ በኋላ ያለውን የምንኩስና ዘመኗን ግን በአጭሩ ያልፈዋል። ማቴዎስ ስደቱን እንዳለፈው ማለት ነው። ልብ የሚሰቀለው እዚህ ነው፦ ቆብ የደፋችው ሴት በየማታው መቃብሩ አጠገብ ምን ታስብ ነበር?

ወጋየሁ ለዚህ ጥያቄ አንድም ቃል ሳይጨምር መልስ የሰጠ ይመስለኛል። የጸሐፊውን ዓረፍተ ነገር ነው ያነበበው፤ ግን የፊታውራሪውን ጉራ፣ የካሣ ዳምጤን ምሬት፣ የሰብለን የተሰበረ ድምፅ ብቻውን ተወጣው። የት እንደሚያዘግም፣ የት ትንፋሹን እንደሚውጥ የወሰነው እሱ ነው። ትረካውን «ንባብ» ብለን ማለፋችን የሚያስቆጭ ነው፤ ትርጓሜ ነው፣ ለዚያውም ብዙ ሰው ከመጽሐፉ በፊት የሰማው ትርጓሜ። ዛሬ መጽሐፉን የሚያነብ ጎልማሳ ሰብለን በእሱ ድምፅ እንደሚሰማት ቢነግረኝ አይገርመኝም። «ማር እስከ ጧፍ» በአንጻሩ ወደ መንዙማው ያዘነብላል። ዘፋኙ ታሪኩን በአዲስ መልክ አይተርክልንም፤ የሁለቱን ፍቅር መለኪያ አድርጎ የራሱን ናፍቆት ያስቀምጥበታል።

ካሣ ዳምጤ፣ በቅጽል ስሙ ጉዱ ካሣ፣ ግን ለብቻው ነው። ለእሱ አናለቅስም፤ ስሙን ለሰው እንሰጣለን። በመሥሪያ ቤትም በሰፈርም ልማድ የማይገዛውን፣ እውነት ሲናገር እብድ የሚባለውን ሰው «ጉዱ ካሣ» ማለት ሁሉም የሚገባው ስም ሆኗል። ስያሜው ሙገሳም ስድብም ነው፤ ሐዲስ ገጸ ባሕርይውን የሠሩትም እንዲሁ አድርገው ነው። ሙሾው ያልደረሰበትን የብቸኝነት ስሜት ሕዝቡ በቀልድ ይዞታል ማለት ይቻላል።

ይህ ልማድ ግን የሚዘልላቸው ሰዎች አሉት። የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ልጇን በስለት ከእቅፏ ያወጣች ሴት ናት፤ የሰብለ እናት ወይዘሮ ጥሩአይነት በባሏ ኩራትና በልጇ ጣር መካከል ተይዛ የምትኖር ናት። ጂን ሪስ በ1966 እ.ኤ.አ. በሻርሎት ብሮንቴ ልቦለድ ውስጥ ጣሪያ ሥር የተዘጋባትን ሚስት አውጥታ ልብ ወለድ እንደሠራችላት፣ ለእነዚህ ሁለት እናቶች የተሠራ ሥራ እኔ አላጋጠመኝም። «ሰቆቃወ ድንግል»ን ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያዜም ሕዝብ የእናት ልብ አያውቅም አይባልም። ይልቅ ሙሾው በተለምዶ የሚወርደው ለሞተው ነውና ሁለቱን ወጣቶች ስናለቅስ የቀሩት ሐዘንተኞች ተራቸው ሳይደርስ ድንኳኑ ፈርሷል።