በበረዶ ተራራ ላይ ስለ ወረዱና ስላረፉ ሰዎች

በኔፓልና በቲቤት ወሰን ላይ የቆመው ኤቨረስት፥ የኔፓል ሰዎች ሳጋርማታ፥ የቲቤት ሰዎች ጮሞሉንግማ የሚሉት ተራራ፥ ከባሕር ወለል በላይ 8,849 ሜትር ከፍታ አለው። በጫፉ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳር ካለው አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ወደዚያ የሚወጣ ሰው ሳንባው ይደክማል፥ ሐሳቡም ይፈዛል፤ ሲወርድ ደግሞ ከድካሙ የተነሣ እግሩ ይስታል። በ1945 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓውያን 1953) ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጋይ በእግራቸው ከጫፉ ደረሱ። የሰው ልብ ግን በተፈጸመ ነገር ላይ አያርፍምና ሁለት አዲስ ጥያቄዎች ተነሡ። አንደኛው፥ ከዚያ ከፍታ በስኪ፥ ማለት በእግር ታስሮ በበረዶ ላይ በሚያንሸራትት ረጅም ሰሌዳ፥ መውረድ ይቻላልን? ሁለተኛው፥ ሄሊኮፕተር ከዚያ ሊያርፍ ይችላልን? ሁለቱም ሲሰሙ የጨዋታ ጥያቄ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የብዙ ሰው ነፍስ ገብቶባቸዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን በአገራችን አቆጣጠር ሲሆን፥ የአውሮፓውያኑ ዓመት በቅንፍ ተጽፎአል።)

በኤቨረስት ላይ በስኪ በመውረድ አስቀድሞ ስሙ የታወቀው ዩኢቺሮ ሚውራ የተባለ ጃፓናዊ ነው። በሚያዝያ 28 ቀን 1962 (1970) ዕድሜው 37 ዓመት ሳለ፥ ከጫፉ ሳይሆን ደቡብ ኮል ከሚባለው፥ ወደ 8,000 ሜትር ከሚጠጋው ኮርቻ ተነሣ። በጀርባው ፍጥነቱን የሚገታለት የአየር ጃንጥላ ታስሮ ነበር። ጃንጥላው ተዘረጋ፤ ነገር ግን አየሩ ስስና ነፋሻ ስለ ነበረ እንደ ታሰበው ሊገታው አልቻለም። ሁለት ደቂቃ ተኩል በማይሞላ ጊዜ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ከተወረወረ በኋላ ወደቀ፤ እየተንሸራተተም ሄዶ፥ ከታች አፉን ከፍቶ ወደሚጠብቀው ታላቅ የበረዶ ገደል ሊደርስ 76 ሜትር ያህል ሲቀረው ቆመ።

ይህ ከመሆኑ አንድ ወር አስቀድሞ፥ በመጋቢት 27 ቀን፥ ቤተ ክርስቲያናችን ጥንተ ስቅለትን በምታስብበት ዕለት፥ ለዚሁ ጉዞ ዕቃ የሚያመላልሱ ስድስት ሸርፓዎች ኩምቡ በተባለው ስፍራ በረዶ ተንዶባቸው ሞቱ። ሸርፓዎች በዚያ ተራራ ግርጌ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ የውጭ ሰው ወደ ሂማሊያ ሲወጣ ጓዙን የሚሸከሙለትና መንገዱን የሚጠርጉለት እነርሱ ናቸው። ስለ ሚውራ የተሠራው ፊልም በ1968 (1976) በአሜሪካ የኦስካር ሽልማት አገኘ። ፊልሙን ያየ ሰው የሚያስታውሰው ግን ጃንጥላውን ነው፤ የስድስቱን ስም የሚጠራ ጥቂት ነው። ለአንድ ቁልቁለት ይህ ዋጋ እጅግ ከባድ ነው ቢባል ማንም ሊከራከር አይገባውም።

ከእርሱ በኋላ ብዙዎች ተነሡ። ስዊሳዊው ሲልቫን ሶዳን በ1974 (1982) ከስምንት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ከጋሸርብሩም አንደኛ ጫፍ እስከ ሥሩ በስኪ ወረደ። ስሎቬናዊው ዳቮ ካርኒቻር በመስከረም 27 ቀን 1993 (2000) ከኤቨረስት ጫፍ እስከ ታችኛው ሰፈር ስኪውን ከእግሩ ሳይፈታ በአምስት ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ይህ ሰው በዚያው ተራራ ቀደም ብሎ ሁለት ጣቶቹን በብርድ አጥቶ ነበር፤ የሞተው ግን በተራራ ላይ ሳይሆን በ2012 (2019) መጀመሪያ ላይ በአገሩ ዛፍ ሲቆርጥ ነው። ማርኮ ሲፍሬዲ የተባለው ፈረንሳዊ ወጣት በአንዲት ሰሌዳ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ከኤቨረስት ወረደ፤ በ1994 ዓመት መጨረሻ (2002) በሌላ ሸንተረር ለመውረድ ተመልሶ ወጣና በዚያው ጠፋ፤ ዕድሜው 23 ነበር።

የሄሊኮፕተሩ ታሪክ ከዚህ ይልቅ የጠለቀ ነው። ሄሊኮፕተር በራሱ ላይ ያለውን ክንፍ አዙሮ አየሩን ወደ ታች በመግፋት ይነሣል። አየሩ ሲሳሳ የሚገፋው ነገር ያንሰዋል፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ስለሚጎድለው ኃይሉ ይቀንሳል። በቅሎ በደከመችበት ሰዓት መንገዱም አሸዋ ሲሆንባት ማለት ነው።

በግንቦት 29 ቀን 1947 (1955) ዣን ሟን የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ በአውሮፓ ተራራ በሞን ብላን ራስ ላይ፥ 4,800 ሜትር በሚያህል ከፍታ፥ ትንሽ ሄሊኮፕተር አሳረፈ። ሰው ሁሉ አደነቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፥ በ1949 ዓመት በታኅሣሥ ወር (1956) ዣን ቬንሰንዶንና ፍራንሷ ሄንሪ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በዚያው ተራራ ላይ በማዕበል ተያዙ። ከታች ያለው ከተማ በመነጽር ያያቸው ነበር። በታኅሣሥ 22 ቀን ሊያወጣቸው የመጣው ትልቅ ሲኮርስኪ ሄሊኮፕተር ሲያርፍ፥ የገዛ ክንፉ ያስነሣው የበረዶ ዱቄት የአብራሪውን ዓይን ጋረደውና ተከሰከሰ። አዳኞቹ ራሳቸው አዳኝ የሚሹ ሆኑ። ወጣቶቹንም በተሰበረው ሄሊኮፕተር ሆድ ውስጥ አስገብተው ተለዩአቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ አሉዌት የተባለ አዲስ ሄሊኮፕተር አዳኞቹን አወረደ፤ ሁለቱ ወጣቶች ግን እዚያው ሞቱ፥ ሬሳቸውም የወረደው በመጋቢት ነው። በጫፍ ላይ ማረፍ ሌላ፥ ሰው ማንሣት ሌላ መሆኑ በዚያን ጊዜ ታወቀ። ፈረንሳዮችም ከዚህ ኀዘን በኋላ የተራራ ነፍስ አድን ሥራን በመንግሥት ሥርዓት አቋቋሙት።

የአሉዌት ሞካሪ አብራሪ የነበረው ዣን ቡሌ በሰኔ 14 ቀን 1964 (1972) ላማ የተባለውን ሄሊኮፕተር አቅልሎ ወደ 12,442 ሜትር ወጣ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሞተሩ ጠፋ፤ ሊያስነሣውም አልቻለም። ሄሊኮፕተር ሞተሩ ሲጠፋ እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ አብራሪው ካወቀበት ከታች የሚመጣው አየር ክንፉን ያሽከረክረዋል። ቡሌ ያን ሁሉ ቁልቁለት ያለ ሞተር ወርዶ በደኅና አረፈ። ለቅኔ ሰው ይህ ሰም ነው፤ ወርቁ ግን የተገኘው ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። በ1997 ዓመት በነሐሴ መጀመሪያ (2005) ቶማዝ ሁማር የተባለ ስሎቬናዊ በፓኪስታን በናንጋ ፓርባት ተራራ ላይ፥ ስድስት ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ገደል፥ በበረዶ ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀናት ቈጠረ። በነሐሴ 4 ቀን የፓኪስታን ሠራዊት አብራሪዎች ሌተና ኮሎኔል ራሺድ ኡላህ ቤግና ጓደኛቸው በዚያው በላማ ሄሊኮፕተር መጥተው፥ ክንፋቸው ገደሉን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ገመድ ጣሉለት። ሁማር ገመዱን ያዘ፤ ነገር ግን ራሱን ከበረዶው ጋር ያሰረበትን ማሰሪያ ገና አልቈረጠም ነበር። ሄሊኮፕተሩ ከተራራው ጋር ታስሮ ለጥቂት ጊዜ ተንጠለጠለ፤ ማሰሪያው ተበጠሰና ሁሉም ዳኑ።

በዚያው ዓመት በግንቦት 6 ቀን ዲዲዬ ደልሳል የተባለ ፈረንሳዊ ሞካሪ አብራሪ የተሳፋሪ ወንበሮቹን ያወጣለትን ሄሊኮፕተር በኤቨረስት ጫፍ ላይ አሳርፎ 3 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ቆየ፤ ለመዝገቡ ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። በማግሥቱም ደገመው። በመጀመሪያ ክርክር ቢነሣም ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ማኅበር ክብረ ወሰን አድርጎ መዘገበው። ደልሳል ማንንም አልወሰደም፥ ማንንም አላመጣም። ሆኖም ከስምንት ዓመት በኋላ፥ በግንቦት 2005 (2013)፥ ማውሪትሲዮ ፎሊኒ የተባለ ጣሊያናዊ አብራሪ ከዚያው ዘር በሆነ ሄሊኮፕተር በረጅም ገመድ አንድ ሕመምተኛ ከ7,800 ሜትር ላይ አነሣ። ክብረ ወሰንን ከንቱ ውዳሴ ነው ብሎ ፈጽሞ የሚነቅፍ ሰው ይህን ሕመምተኛ ማየት ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሊታሰብ የሚገባው ሰው ለመዝገብ ብሎ ያልበረረው የኔፓል ሠራዊት ሌተና ኮሎኔል ማዳን ካትሪ ቸትሪ ነው። ስሙ በአገሩ ቋንቋ ሌላ ትርጉም አለው፤ ለአማርኛ ጆሮ ግን ሥራውን አስቀድሞ የተናገረለት ይመስላል። በግንቦት 1988 (1996) በኤቨረስት ላይ ድንገተኛ ማዕበል ስምንት ሰው ገደለ። ቤክ ዌዘርስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሞቷል ተብሎ ተትቶ ሳለ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ሰፈር ገባ፤ እጆቹና ፊቱ በብርድ ደርቀው ነበር። ማካሉ ጋው የተባለው የታይዋን ሰው ደግሞ እግሮቹ በብርድ ስለ ሞቱ መራመድ አልቻለም። በግንቦት 5 ቀን ማዳን ከኩምቡ የበረዶ ናዳ በላይ፥ 6,000 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ስፍራ መጣ። በታች ያሉት ሰዎች ማረፊያውን እንዲያይ ቀይ መጠጥ በበረዶው ላይ አፍስሰው ምልክት ሠርተውለት ነበር። ሄሊኮፕተሩ መሸከም የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበረ። ዌዘርስ ተራውን መራመድ ለማይችለው ለጋው ለቀቀ፤ ሄሊኮፕተሩም ሄደ። ተመልሶ ይመጣል ብሎ ሊምል የሚችል አልነበረም። ማዳን ግን ጋውን ከታች አውርዶ ሁለተኛ ወጣ፥ ዌዘርስንም ወሰደው።

ሚውራም አርጅቶ እንደ ገና ወደ ኤቨረስት ተመለሰ። በግንቦት 15 ቀን 2005 (2013) በ80 ዓመት ዕድሜው ከጫፉ ደረሰ። ሲመለስ እስከ ሁለተኛው ሰፈር፥ 6,500 ሜትር እስከሚሆነው ድረስ፥ በእግሩ ወረደ፤ ከዚያ በታች ስድስቱ ሸርፓዎች የሞቱበት ኩምቡ አለ። ያን ስፍራ በሄሊኮፕተር አለፈው።