ድሪቶ፣ ድመትና የራስ ቤት

ድሪቶ የሚለው ቃል በአማርኛ ለምስጋና አይውልም። ሰው ተቸግሮ ሲታይ «ድሪቶ ለብሶ» ይባላል። ሐያሲም የማይገናኝ ነገር ያጠራቀመ ጽሑፍ ሲገጥመው «ድሪቶ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ግሱ ደረተ ነው፤ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደረበ ሰፋ ማለት ነው። ውርደቱ ከቃሉ ላይ ቢገፈፍ የሚቀረው ሥራው ነው፦ ያለቀ ልብስ ይቀደዳል፣ ደህና ደህናው ይመረጣል፣ ጎን ለጎን ይሰፋል፣ ብርድ የሚከላከል ልብስ ይወጣዋል። አሜሪካኖች ኩዊልት ብለው በሙዚየም ግድግዳ የሚሰቅሉት በአሠራሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ስፌቱ ላይ ሳይሆን ሰፊዋ የተቀመጠችበት ቤት ላይ ነው።

ቤቷ ተቀምጣ የምትደርት ሴት ባለችበት ድመት አይጠፋም። ጨርቅ ወለል ላይ ሲዘረጋ መጥታ መሀሉ ላይ ትተኛለች፤ ክሩን ታሳድዳለች፣ ቁራጩን ትጎትታለች፣ ስትባረር ዞራ ትመለሳለች። ሁለቱም፣ ድሪቶውም ድመቷም፣ ወደ ሰው ቤት የገቡት በችግር ምክንያት ነው፤ አንዱ ብርድን ሌላዋ አይጥን ሊከላከሉ። ችግሩ ሲቀል አንዱ ጌጥ ሆነ፣ ሌላዋ ጓደኛ። ይህ ለውጥ እንዲመጣ ግን አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ በር ያለው፣ ነገ የማይለቀቅ ቤት። ይህን ለማየት ከሮሙ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ የተሻለ ሠፈር ማግኘት ይከብዳል።

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ለብዙ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ የሮም ትውውቅ የሚጀምረው ከዚሁ አካባቢ ነው። ስሙን ያገኘው በጢባርዮስ ቄሣር ዘመን፣ በ23 ዓ.ም. ገደማ (እዚህ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ ነው)፣ ሹሙ ሴያኑስ ካሠራው የክብር ዘበኛ ጦር ሠፈር ነው። የግንቡ ቅጥር እስከ ዛሬ በከፊል ቆሟል። ክብር ዘበኞቹ ንጉሥ የሚያነግሡና የሚገድሉ ሆነው ሁለት መቶ ዘጠና ዓመት ያህል ቆዩ፤ በ312 ቆስጠንጢኖስ በተናቸው።

ሮማውያን ለድሪቶ የራሱ ቃል ነበራቸው፤ ሴንቶ ይሉታል። ስለ እሱ ከተጻፉት ጥንታዊ መረጃዎች አንዱ የመጣው ከአንድ ቆጣቢ ባለርስት ነው። ካቶ ሽማግሌው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ160 ገደማ በጻፈው የእርሻ መጽሐፍ ለባሪያ በየሁለት ዓመቱ ምን ያህል ልብስ እንደሚገባው ይደነግጋል። ለካቶ ቁም ነገሩ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ አዲሱ ከመሰጠቱ በፊት አሮጌው ይመለስና ድሪቶ ይሠራበታል። ባሪያው የለበሰው ልብስ ካለቀ በኋላ እንኳ የእሱ አይደለም። ጨርቁን ያላበበት፣ የለበሰው፣ ምናልባትም የጣፈው እሱ ነው፤ ቁራጩን የሚቆጥረው ግን ጌታው ነው።

ወታደሩም ድሪቶን ያውቀው ነበር። ዩልዮስ ቄሣር ከፖምፔ ጋር በተዋጋበት ጊዜ ወታደሮቹ ከቀስት ለመዳን ከተጠቀጠቀ ሱፍ፣ ከድሪቶና ከቆዳ መከላከያ ሰፍተው እንደለበሱ ራሱ ጽፏል። በየከተማው ደግሞ ሴንቶናሪ የሚባሉ የማኅበር ሰዎች ነበሩ። የቆዩ ጸሐፊዎች እርጥብ ድሪቶ እያለበሱ እሳት የሚያጠፉ ነበሩ ሲሉ፣ የቅርብ ጊዜ ተመራማሪዎች ይልቁንም ጨርቅ ሠሪና ነጋዴ መሆናቸውን ያጎላሉ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወፍራም የተደራረበ ጨርቅ ያለው ሰው እሳት ሲነሣ መጠራቱ አይቀርም።

ይኸው ቃል ከጨርቅ ወደ ግጥም ተሻገረ። ከሌላ ገጣሚ ስንኞች ቁራጭ ቁራጭ እየወሰዱ አዲስ ግጥም መስፋት ሴንቶ ተባለ። በአራተኛው መቶ ዓመት ፕሮባ የምትባል የሮም ወይዘሮ ከአረማዊው ቨርጂል ስንኞች የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ገጥማለች። የሐያሲው «ድሪቶ ነው» ስድብ ለእሷ የሙያ ስም ነበር ማለት ነው።

አማርኛም ሳያስበው እዚሁ ደርሷል። በሕዝብ አነጋገር ጣፈ ሁለት ነገር ነው፤ ጻፈ ነው፣ በቀዳዳ ላይ ጨርቅ ደርቦ ሰፋም ነው። ሁለቱ ቃላት ምንጫቸው የተለያየ ቢሆን እንኳ፣ የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው መገጣጠማቸውን ከንቱ አጋጣሚ አይለውም። ብራና ሲፋቅ ይቀደዳል፤ ቀዳዳው በክር ይጠቀማል፣ ጸሐፊው ስፌቱን እየዞረ ይጽፋል። ከዚህም የሚበልጥ አለ። በቆዳ የተለበጠው የእንጨት ገበታ ሲከፈት፣ ቆዳው ታጥፎ በሚተወው መካከለኛ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ አራት ማዕዘን ጨርቅ ተለጥፎ ይገኛል፤ ሐር፣ ባለ ወርቅ ዘቦ፣ አበባ የታተመበት ጥጥ። ከህንድ፣ ከዐረብ አገር፣ ከአውሮፓ በባሕር መጥቶ የተረፈ ቁራጭ ነው። ሙሉ ቀሚስ የማይወጣው ጨርቅ የመጽሐፍ ደረት ውስጥ ክብር ያገኛል። ድሪቶ ስድብ በሆነበት አገር እጅግ የተከበረው ዕቃ ውስጡ ተጥፎ መኖሩን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ባሕታዊ ድሪቶ ለብሶ ሲያልፍ ሰው እንደሚሳለመውም ሲታሰብ፣ ቃሉ የሚያዋርደው ለባሹ ሳይወድ ሲለብሰው ብቻ ይመስላል።

መጽሐፍ ባለበት አይጥ አለ፣ አይጥ ባለበትም ድመት። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ድመትን ቆብ ማልበሱ ያለ ነገር አይደለም፤ ከመነኮሳት ጋር የምትኖር፣ እህሉንም ብራናውንም የምትጠብቅ ፍጥረት ናት። ደመወዟ ግን በስሟ አልተከፈለም።

ስለ ስም ከተነሣ፣ ዓለም «አቢሲኒያን» ብሎ የሚያውቀው የድመት ዘር አለ፤ ፀጉሩ እንደ ጥንቸል፣ ጆሮው ትልቅ፣ አካሉ ቀጭን። ታሪኩ ከመቅደላ ጋር ይያያዛል። የእንግሊዝ ጦር በ1868 አፄ ቴዎድሮስን ወግቶ ሲመለስ ዙላ የምትባል ድመት ወደ እንግሊዝ እንደተወሰደች በ1874 በታተመ የድመት መጽሐፍ ተጽፏል። ዙላ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ወደብ ስም ነው። ከመቅደላ ታቦትና መጽሐፍ የጫነ ጦር ድመት ጨመረ ቢባል የሚደንቀው የለም። ሆኖም የዘር ጥናቶች የዚህን ድመት መነሻ ከኢትዮጵያ ይልቅ ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያመለክታሉ፤ በ1830ዎቹ ወደ ኔዘርላንድስ ላይደን ሙዚየም የገባ ተመሳሳይ ድመትም የህንድ የቤት ድመት የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ሳይሆን አይቀርም፣ እንደ መጽሐፉ ልባስ ጨርቅ ሁሉ በመርከብ የመጣ እንግዳ ነው፤ ስሙን ግን ያገኘው ከጦርነቱ ነው።

ወደ ሮም ሲመለሱም ድመትና ጦርነት ጎረቤት ናቸው። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ውስጥ፣ ከዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ፣ የዶጋሊ መታሰቢያ አለ። ራስ አሉላ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች የቆመ ነው፤ ከተርሚኒ ፊት ያለው የአምስት መቶዎቹ አደባባይም የተሰየመው ለእነሱ ነው። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ከዚሁ ሐውልት ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ዘርዓይ ድረስ በ1938 ሰይፉን የመዘዘውም እዚያው ነው። ብዙ አበሻ ይህን ያውቃል። ድንጋዩ ራሱ ግን የጣሊያን አይደለም፤ የግብፁ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነው፣ በ1883 ከጥንቱ የኢሲስ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ተቆፍሮ የወጣ። ከዚያው ቤተ መቅደስ ሌላም ነገር ወጥቷል፤ ትንሽ የእብነ በረድ ድመት። ዛሬ ከአንድ ቤተ መንግሥት ጥግ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ቁልቁል ታያለች፤ መንገዱም በስሟ ቪያ ዴላ ጋታ፣ የድመቷ መንገድ፣ ይባላል።

ሮም ለሕያዋኑም ቦታ አላት። በ1920ዎቹ መጨረሻ ላርጎ ዲ ቶሬ አርጀንቲና ተቆፍሮ ቄሣር የተወጋበት ሥፍራ ሲገለጥ፣ ጉድጓዱን ቀድመው የወረሱት ድመቶች ናቸው። ምግብ የሚያመላልሱላቸው ሴቶች ጋታሬ ይባላሉ፤ ተዋናይቷ አና ማኛኒ አንዷ እንደነበረች ይነገራል። በነሐሴ 1991 የወጣው የጣሊያን ሕግ ቁጥር 281 ደግሞ በነጻነት የሚኖሩ ድመቶችን ማሠቃየት ከለከለ፤ እንዳይራቡ በሐኪም ከተደረገ በኋላም ወደ ነበሩበት ማኅበር እንዲመለሱ ደነገገ።

የአበሻ ሴቶች ወደ ሮም በብዛት መምጣት የጀመሩት ከዚህ ሕግ ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ አንሥቶና በ1970ዎቹ ከአስመራም ከአዲስ አበባም መጡ፤ ያኔ የሁሉም ፓስፖርት የኢትዮጵያ ነበር። ሥራቸው በጣሊያን ቤተሰብ ቤት ውስጥ እያደሩ ማገልገል ነው። የሰው ልጅ ያሳድጋሉ፣ የሰው አልጋ ያነጥፋሉ፣ የሰው ድመት ያበላሉ። ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነበር፤ በእነዚህ ሰዓቶች በተርሚኒና በዙሪያው ይገናኙ ነበር። በ1975 ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በጥንቱ ክብር ዘበኛ ሠፈር ላይ ተከፈተ፤ ከሐሙስ ማኅበራቸው የጥቂት ደቂቃ መንገድ።

ለእነዚህ ሴቶች መርፌ አዲስ አልነበረም። የልብስ ስፌት አማርኛ ራሱ ጣሊያንኛ አለበት፤ የስፌት «መኪና»፣ የኮት «ፎደራ»፣ «ቦርሳ»፣ «ካልሲ» ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። በአዲስ አበባ ሳሎን ከሬዲዮ እስከ ሶፋ መደገፊያ የሚለብሰው ዳንቴል፣ የእናቶች ኪሮሽ ሥራ ነው። ኪሮሽና የክር ኳስ በቦርሳ ይገባል፤ መናፈሻ ወንበር ላይም፣ አሠሪ ባለበት ኩሽናም ይሠራል። ድሪቶ ግን እንዲህ አይሆንም። ቁራጭ ለዓመታት ይጠራቀማል፣ ወለል ላይ ይዘረጋል፣ ሳምንታት ሳይነሣ ይቆያል። ከኩሽና ጀርባ ባለች የሠራተኛ ክፍል፣ ሻንጣ አልጋ ሥር በሚቀመጥባት፣ ይህ አይሞከርም። ድመት ማሳደግም እንዲሁ። ከአሠሪ አሠሪ የሚዘዋወር ሰው ሊጠቀልለው የሚችለውን ብቻ ነው የሚይዘው። በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት በሲሲሊ የተሰፋው የትሪስታን ታሪክ ያለበት ባለ ጥጥ አልጋ ልብስ፣ ዛሬ በፍሎረንስና በለንደን ሙዚየሞች የሚታየው፣ ምን ያህል እጅና ምን ያህል ሰፊ ክፍል እንደጠየቀ ለማሰብ ያህል ትልቅነቱን ማየት ይበቃል።

ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ በሊቢያ በኩል ባሕር አቋርጠው ነው፤ ክፍሉም ቀረ። በጥቅምት 2013 በካስትሮ ፕሬቶሪዮ፣ ቪያ ኩርታቶኔ ላይ፣ ከነጻነት አደባባይ ጎን ያለ ባዶ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ ተያዘ። የገቡት አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹ በሕግ ጥገኝነት የተሰጣቸው፣ ብዛታቸውም እስከ ስምንት መቶ የሚገመት። ቢሮው መኝታ ቤት ሆነ። ሕጻናት ከዚያ እየወጡ በሠፈሩ ትምህርት ቤት ተማሩ። አራት ዓመት ለአንድ ቤት ብዙ አይደለም፤ ቁራጭ ለማጠራቀም ግን ይበቃል፤ መጋረጃ ይሰቀላል፣ ምንጣፍ ይዘረጋል፣ የልጅ ልብስ ለታናሹ ይጣፋል።

በነሐሴ 19 ቀን 2017 ፖሊስ ሕንፃውን አስለቀቀ። መቶ ያህል ሰዎች መሄጃ ስላልነበራቸው በአደባባዩ መናፈሻ ፍራሽና ብርድ ልብስ አንጥፈው አምስት ሌሊት አደሩ። በ24ኛው ቀን ጠዋት ውሃ የሚረጭ የፖሊስ መኪና መጣ፤ የተነጠፈው ሁሉ ረጠበ፣ የዚያን ዕለት ፎቶግራፎች ዓለምን ዞሩ። በእነዚያ ቀናት ነዋሪዎቹ በሕንፃው ላይ የሰቀሉት ጨርቅም በፎቶግራፎቹ ላይ ይታያል። በጣሊያንኛ «ስደተኞች ነን፣ አሸባሪዎች አይደለንም» የሚል ተጥፎበታል።