ባጃጅ የሰው ስም ነው

በገረሴ የገበያ ቀን አንድ ሰው «ባጃጅ!» ብሎ ቢጣራ የሚቆምለት ባለሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ነው። አርባ ምንጭ ላይም ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወጣ ሰው ይህን ስም በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠራው ቆጥሮ አያውቅም። ባጃጅ ግን የቤተሰብ ስም ነው። ስሙን ያስጠራው ነጋዴ ተሽከርካሪው ከመሠራቱ በፊት ሞቷል፤ ሕንድ ውስጥ የሚታወሰውም በፖለቲካ ነው።

ጃምናላል ባጃጅ እ.ኤ.አ. በ1889 በራጃስታን ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ዋርዳ በምትባል ከተማ የሚኖር ባችራጅ የተባለ ባለጸጋ፣ የሞተ ልጁን ዘር ለመተካት ሲል እንደ ልጅ ልጅ አድርጎ ወሰደው። በ17 ዓመቱ ሽማግሌው በቁጣ ተነሥቶ ሀብቱን እየጠቀሰ ቢወርፈው፣ ልጁ «ከንብረትህ አንዳች አልሻም» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ከቤት ወጣ። ለምነው መለሱት። ባችራጅ ብዙም ሳይቆይ ሲሞት ሀብቱ ሁሉ በእጁ ገባ። እኔ የሰውየውን ኋለኛ ሕይወት ሁሉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ነው የማየው።

እንግሊዞች ለታማኝ ሀብታም የሚሰጡትን «ራይ ባሃዱር» የተባለ ማዕረግ ሰጥተውት ነበር። በ1920 ግን በናግፑር የኮንግረስ ጉባኤ ላይ ጋንዲን «አምስተኛ ልጅህ አድርገኝ» አለው። በማግስቱ ዓመት ማዕረጉን መለሰ። የኮንግረስ ገንዘብ ያዥ ሆነ። በ1923 በናግፑር በሰንደቅ ዓላማ የተነሣውን ሰላማዊ ተቃውሞ መርቶ ታሰረ። በ1928 ደግሞ ቤተሰቡ በዋርዳ ያሠራውን ቤተ መቅደስ «አይነኬ» ለሚባሉት ወገኖች ከፈተው፤ በዚያ ዘመን ይህ በወገን መካከል የሚያስጠላ ሥራ ነበር። ጋንዲ በኋላ የኖረባት የሴቫግራም መንደርም በአብዛኛው የባጃጅ ይዞታ ነበረች።

የጋሞ ሰው ይበልጥ የሚረዳው ግን የጨርቁን ነገር ይመስለኛል። ባልና ሚስት በቤታቸው የነበረውን የውጭ አገር ልብስ አቃጠሉ፤ ሚስቱ ጃናኪዴቪ የወርቅ ጌጧን አወለቀች። ከዚያ ወዲያ የለበሱት በእጅ የተፈተለና የተሸመነ፣ ካዲ የሚባለውን ጨርቅ ነው። እናቱ ስትፈትል፣ አባቱ ሲሸምን ያየ የዶርዜ ልጅ እንዝርት የፖለቲካ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ቢነገረው አይገርመው ይሆናል። ከተሜው ሊገርመው ይችላል።

ሀብታም ወደ ሹመት ሲመጣ የሚከፍለው ዋጋም ለጋሞ ደጋ እንግዳ አይደለም። በብዙ ደሬዎች ሃላቃ የሚሆን ሰው ትልልቅ ድግስ መደገስ ነበረበት፤ ያከማቸውን በትኖ ነው ክብር የሚያገኘው። ከዚህ አንጻር ጃምናላልን ሳየው አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ሰጠ፤ ታሰረ፤ ነገር ግን ንግዱን አልዘጋም። የባጃጅ ኩባንያዎች ስብስብ የተመሠረተው በዚሁ በትግሉ ዘመን፣ በ1926 ነው። ጋንዲ ሀብታምን «ያንተ አይደለም፣ አደራ ነው» ይለው ነበር። አደራውን ግን ልጅ ሲወርሰው ምን ይሆናል?

ጃምናላል የካቲት 4 ቀን 1934 ዓ.ም. ሞተ። የልጁ የካማልናያን ቤት በ1945 ሌላ ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1948 ባለሁለትና ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ማስመጣት፣ ከ1959 ወዲህ በፈቃድ ማምረት ጀመረ። የልጅ ልጁ ራሁል በ1938 ሲወለድ ስሙን ያወጣለት ኔሩ ነው ይባላል። ራሁል ፋብሪካውን የመራው መንግሥት ስንት እንደሚመረት በሚወስንበት ዘመን ነበር፤ ገዢው ለአንዲት ስኩተር ዓመታት ይጠብቅ ነበር። ገበያው ሲከፈት ደግሞ በ1993 ከሌሎች ባለፋብሪካዎች ጋር ሆኖ፣ ከውጭ ኩባንያዎች ጋር በእኩል ሜዳ እንወዳደር የሚል አቤቱታ አሰማ። አያቱ የውጭ ጨርቅ ሲያቃጥል የራሱን ልብስ ነበር ያቃጠለው፤ የልጅ ልጁ ያስከብር የነበረው የፋብሪካውን ገበያ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ራሁልም ከ2006 እስከ 2010 ከየትኛውም ፓርቲ ሳይሆን በሕንድ ላዕላይ ምክር ቤት ተቀመጠ። ፖለቲከኛ ሆኖ የታየው ግን ወንበሩን ከለቀቀ በኋላ ይመስለኛል፦ በ2019 ሙምባይ ውስጥ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ተነሥቶ፣ ነጋዴው መንግሥትን ለመንቀፍ እንደሚፈራ ተናገረ። አዳራሹ ሙሉ ባለሀብት ነበር።

ራሁል የሞተው የካቲት 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ከአያቱ ሞት 80 ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ።